ማሽኑ የማያውቀው ቁጥር

ሟቹ የተገኘው በራሱ የከሰል መፍጫ ወርክሾፕ፣ ከዱቄት መጋዘኑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል፣ ፍራሹ ላይ በጎኑ እንደተኛ ነበር። የትግል ምልክት የለም። ከግድግዳው ወዲያ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለው አንድ በርሜል ግን አሁንም ለእጅ ይፋጃል። ለውሃ ማጣሪያ የተፈጨው ከሰል በራሱ ግሎ ውስጥ ውስጡን ሲነድ አድሮ ኖሯል፤ ሽታ የሌለው መርዙም ሾልኮ ሰውየውን በእንቅልፉ ጨረሰው።

መርማሪዋ፣ ባልደረቦቿ «ለምን» የሚል ቅጽል ስም ያወጡላት ሴት፣ ቤተሰቡን አንድ በአንድ አነጋገረች። እንጀራዋ ሰው ሁሉ «እኔ የለሁበትም» ሲላት መስማት ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነባት።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች ሚስቲቱ። «ማንኮራፋትህ አላስተኛ አለኝ፣ ሂድና ወርክሾፕ ተኛ ብዬ ፍራሹን ያሸከምኩት እኔ ነኝ። ምላሴን በቆረጠው!»

«እዚያ መተኛቱን ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ? ወንድሙ እንኳ በዚሁ ሲያሾፍብን ነው የከረመው።»

ልጅቷ ዓይኗ አብጦ ገባች። «እናቴን ይተዋት። ያባዛሁት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ከየበርሜሉ አንድ ስኒ ዱቄት ሙቀት መለኪያው ውስጥ እናስገባለን። ማሽኑ ዱቄቱ የሚያወጣውን ሙቀት የሚያሳየው በሚሊዋት ነው፤ አባዬ ግን ከካሎሪ ሌላ አያምንም። ስለዚህ ሚሊዋቱን በዜሮ ነጥብ ሰማንያ ስድስት አባዝተን፣ በሰዓት ስንት ካሎሪ እንደሚያወጣ እናሰላለን። ስልሳ ካለፈ በርሜሉ ውጭ ያድራል፤ ካላለፈ መጋዘን ይገባል።»

«ቁጥሩን ያየሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። የሰው ገላ ሙቀት ልኬቱን ስለሚያዛባው ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው፤ ይሄ በርሜል የተለካ ቀን ተራው የአጎቴ ነበር። እሱ ከውስጥ ‹ስልሳ አራት› ብሎ ተጣራ፣ እኔ ከበሩ ውጭ ‹ሃምሳ አምስት› አልኩ። እሱም ‹ይግባ!› አለ። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ። እጄን በቆረጠው!»

መርማሪዋ በስልኳ አባዛች። ሃምሳ አምስት፤ ስህተት የለበትም።

ራሱን ያልወቀሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መፍጫውን የሚያንቀሳቅሰው የሟቹ ታናሽ ወንድም። አንዷን ሲያባብል፣ ሌላዋን ሲደግፍ ዋለ። «ልጅ ናት፣ አይፍረዱባት» አለ። «ማባዛት ያሳስታል። እኔ ማሽኑ ያለውን ነው የተጣራሁት።»

«ትኩስ ዱቄት ተዘርግቶ ካላረፈ በራሱ ይግላል አሉኝ። ይሄኛው አርፎ ነበር?»

«እንዴታ!» አለ፣ ጥያቄዋ ገና ሳያልቅ።

መርማሪዋ ለብቻዋ መለኪያው ክፍል ገባች። ልጅቷ ከውጭ ሆና አሠራሩን እየነገረቻት፣ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ናሙናዎች አንድ በአንድ ለካች። ሃያ አለ፤ ሠላሳ አምስት፤ አሥር፤ ሃምሳ አምስት። ከዚያ ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

«ልጅቷ አልተሳሳተችም» አለች። «ይህ ማሽን አሮጌ ነው። በአምስት በአምስት ነው የሚዘለው። ስልሳ ይላል፣ ስልሳ አምስት ይላል። ስልሳ አራት ግን ሊል አይችልም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?» አለች እናትየው።

«ከሰው ጭንቅላት። ማሽኑ ያለው ሰባ አምስት ነው። ሰባ አምስት ሚሊዋት ሲቀየር ስልሳ አራት ተኩል ካሎሪ ይሆናል፤ ከልኩ በላይ ነው። » ወደ አጎት ዞረች። «እርስዎ ውስጥ ሆነው አንዴ ቀየሩት፤ ልጅቷ ሚሊዋት መስሏት ደግማ ቀየረችው። የሚፋጀውን በርሜል በስሌት አበረዳችሁት።»

«ልማድ ነው!» አለ አጎት። «ስንት ዓመት ስቀይር የኖርኩት፣ ከአፌ አምልጦኝ እንጂ...»

«ካመለጠዎት ሃምሳ አምስት ስትል ለምን አላረሟትም? ስልሳ አራቱ ካሎሪ መሆኑን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ‹ይውጣ› ማለት ሲገባዎት ‹ይግባ› አሉ። ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚተኛም ያውቃሉ።»

አጎት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ሳላሳርፈው ነው የከደንኩት» አለ። «‹አንድ በርሜል ደግመህ ካበላሸህ መፍጫዬን አትነካም› ብሎኝ ነበር፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። ውጭ ቢያድር ያውቅብኝ ነበር። ቢበዛ ቢሞቅ ነው ብዬ... ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ላወጣው። ወንድሜን ልገድል? ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ስታለቅሺ ልነግርሽ ነበር።»

«ግን አልነገሯትም» አለች መርማሪዋ። ይህን ስትል ተናዳ ነበር።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ እናት ልጇን እቅፍ አደረገቻት። «ሰማሽ አይደል የኔ ልጅ? አንቺ የለሽበትም።»

ልጅቷ ግን መርማሪዋን ነበር የምታየው።

«እርስዎ ማሽኑን ዛሬ ገና ነው ያዩት» አለች። «እኔ በተራዬ እየገባሁ የማነበው ነው። በአምስት በአምስት እንደሚዘል አውቃለሁ። ስልሳ አራት ሲለኝ በደንብ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ፣ ዝም ብዬ አባዛሁት።»

እናትየው ልጇን ሳትለቅ እዚያው ቆመች።