በር ላይ ያለው መዳብ

ማሽን ከብልጭታ እንዲጠብቅ የተሰቀለ መዳብ እንዴት ሰው ይገድላል?

መቶ አለቃ ጥሩነህ ከአየር ጤና ፌርማታ ጀርባ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የኮምፒዩተር ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይህን ራሱን የጠየቀው በኋላ ነው። ሲደርስ የክፍሉ ኃላፊ መኳንንት በባዶ እግሩ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ጥሩነህ ለጥንቃቄ ቆጣሪው እንዲጠፋ አዝዞ ሬሳውን ሲያገላብጠው ከሥሩ የነበረው ቀኝ መዳፍ ተቃጥሎ ታየ።

«ለካ ኮረንቲ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ቀለመወርቅ። «እኛማ ልቡ ነው ብለን ነበር። ወለሉን ያራሰችው ጽዳቷ ዙሀራ ናት፤ ይሄ አሻጥር ነው!»

ጥሩነህ አፉን ሳይከፍት የመሥሪያ ቤቱ አብዮት ጥበቃዎች ዙሀራን ከቀበሌ በላይ ባለው በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሊያስሯት ይዘዋት ሄዱ። በአሻጥር የተያዘ ሰው ለመመለሱ ዋስ አልነበረውም።

ማሽኑ ላይ የምትጽፈውን ወለተጻድቅን አስጠራት።

«ወለሉን ማርጠብ የማን ሐሳብ ነው?»

«የሟቹ የራሱ፣ ጌታዬ። በጥር ድርቀት የናይለን ሹራባችን ይንጣጣል፤ ማሽኑን ስንነካው ብልጭ ይልና የጻፍነው ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀን፣ በር ላይ ያለውን መዳብ ነክተን ነው የምንገባው። የጥገናው ነገሬ ‹መሳለም ብቻ ቀራችሁ› እያለ ይስቅብናል።»

«ዛሬስ?»

«መኳንንት ቀድሞ ገባ። ሲወድቅ ሰምተን ሮጥን፤ ነገሬ ቀደመኝ። እንደ ልማዴ እጄን ወደ መዳቡ ስዘረጋ ‹አትንኪ!› ብሎ ክንዴን ያዘኝ። እግዜር ይስጠው፣ ነፍሴን አተረፋት።»

ጥሩነህ ከመዳቡ የሚወጣውን ሽቦ ተከትሎ ከግድግዳው ጀርባ ዞረ። ከውሃ ቧንቧው ጋር ታስሮ ብልጭታውን ወደ መሬት ሲያወርድ የኖረው ሽቦ ተፈትቶ ከኮረንቲው መስመር ጋር ተጠምዝዟል። ተመልሶ ወለተጻድቅን፣ ነገሬንና ቀለመወርቅን ሰበሰባቸው።

«ዙሀራ የታዘዘችውን ውሃ ረጨች። የገደለው ግን ሽቦውን የቀየረው ሰው ነው። ነገሬ፣ መዳቡን ሁላችሁም ትነካላችሁ፤ አንተ እንዴት ተረፍክ?»

«ደንግጬ ነዋ! ሰው ወድቆ መዳብ ልሳለም?»

«ይሁን። የወለተጻድቅን እጅስ ለምን ያዝክ? ያን ጊዜ የተቃጠለው መዳፍ ከሬሳው ሥር ነበር። እኔ እስካገላብጠው ድረስ ሁሉም ልቡ ነው ብሏል። መዳቡ እንደሚገድል የሚያውቀው ያዘጋጀው ብቻ ነው።»

ነገሬ ወለተጻድቅን አያት። «እሷ ምን አደረገችኝ? ... ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ጓድ ቀለመወርቅ መኳንንትን ‹አሻጥረኛውን አምጣ› ይሉታል። መኳንንት ዛሬ የእኔን ስም ሊሰጣቸው ነበር።»

«ብልጭታው መሆኑን እያወቀ?»

«ብልጭታ አይታሰርም፣ መቶ አለቃ። እነሱ የሚፈልጉት የሚታሰር ሰው ነው።»

ቀለመወርቅ መሬት መሬቱን አየ።

ጥሩነህ እዚያው ተቀምጦ ለከፍተኛው ጻፈ፦ «ገዳዩ ተይዟል። ዙሀራ ንጹሕ ናት፤ ትፈታ።» በሞተር ብስክሌት ላከው፤ መድረሱንም በስልክ አረጋገጠ።

ክረምት ገባ፣ አየሩ ረጠበ፣ ማሽኖቹም ብልጭታቸውን ተዉ። የመልእክቱ መልስ ግን አልመጣም፤ ዙሀራም አልተመለሰችም።