አሥራ አንደኛው ፋይል

እኔ እኮ፣ እመኑኝ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ የምስቅ ሴት ነበርኩ፤ ደንበኛ «ኮምፒውተሬ ላይ ድግምት አሠሩብኝ» ብሎ ሲመጣ አቧራውን አራግፌ የምመልስ፣ እሁድ እሁድ ቸርች ከመዘምራን ጋር የምቆም፣ ከጌታ በቀር የማይታይ ነገር የማልፈራ።

ኮምፒውተር ፎረንሲክን፣ ማለትም የተደመሰሰ ፋይል አውጥቶ ለማስረጃ ማቅረብን፣ ጋምቤላ ባሮ ድልድይ አጠገብ ስልክ እየጠገንኩ ለብቻዬ ነው የተማርኩት። ስድስት ቦታ አመለከትኩ፣ ስድስቱም «ልምድስ?» ብለው መለሱኝ። ሰባተኛው ላይ አቶ ግርማ የሚባሉ ኃላፊ ፍላሽ ሰጡኝ።

«ልምድ ከሌለሽ እጅሽን አሳዪኝ። ከዚህ ላይ ያጠፋሁትን አውጪና ዝርዝሩን ጽፈሽ አምጪ።»

በሙያው ዋናው አይነካም፤ ቅጂ ይወሰድና የሁለቱ «አሻራ» ይስተያያል። አሻራ የምንለው ፕሮግራሙ የሚያወጣው ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ነው፣ ውስጡ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ እሱም ይለወጣል። የዋናውና የቅጂዬ አንድ ሆነ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ ላፕቶፔ በባትሪ ነው። ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ ቃለ ጉባኤ፣ አሥር አወጣሁ። አሥራ አንደኛው የድምፅ ፋይል ነበር። ስከፍተው የውሃ ድምፅ፣ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ፣ ጧ፣ ጧ፣ ከዚያ አንዲት ሴት የቤት ስሜን ጠርታ «ና! ፀሐይ ገባ፣ ና!» አለች።

የቤት ስሜን እዚህ አልጽፈውም። የሚያውቁት እናቴና ሟች አክስቴ አጁሉ ብቻ ነበሩ። አክስቴ አፏን የፈታችው በአኝዋክኛ ነው፣ በአማርኛዋ ግን ትኮራ ነበር፣ ባሮ ዳር ልብስ እያጠበች ስትጠራኝ አንድ ቀን «ነይ» ብላኝ አታውቅም።

«አክስቴ፣ ሴት ነኝ እኮ!» ስላት፣

«እግር የለህም? ና!» ትለኛለች።

ይህን ጽፌ ብሰጥ እብድ ናት ይሉኛል፣ ሥራውም ይቀርብኛል ብዬ አሰብኩ፤ ቢሆንም ጻፍኩት።

በማግስቱ አቶ ግርማ ወረቀቱን እያነበቡ ቆም አሉ። «ስሙ የሴት ነው። ‹ነይ› ለማለት ነው?»

«አይ ጋሼ፣ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ደግሞ እኔ ያጠፋሁት አሥር ነው።»

ዋናውን ፍላሽ በራሳቸው ኮምፒውተር ፈተሹት፤ አሥር። የኔን ቅጂ ፈተሹ፤ አሥራ አንድ። ሁለቱን አሻራዎች ጎን ለጎን አድርገን ፊደል በፊደል አነበብን፣ ያው ነው። ድምፁን ከፍተው ሰሙና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ አይሆንም» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ አይሆንም።»

ወረቀቱን መልሰው አነሱና፣ «አርየት፣ ይሄን ደብቀሽ አሥር ብትዪኝ ታልፊ ነበር» አሉኝ። «አንቺ ስህተቷን እንኳን አላረምሽባትም። ሰኞ ሥራ ጀምሪ።»

ይኸው ዛሬ ስሜ በር ላይ ተለጥፏል፣ ልምድ የሌላቸውን አመልካቾች የምፈትነው እኔው ነኝ፣ «ልምድስ?» ብዬም አልጠይቅም።

ቅጂው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት አሻራውን እንደገና ወሰድኩ፣ አንድ ፊደል አልተለወጠም። ከዚያ ከፈትኩት። ውሃው አለ፣ ልብሱ አለ፣ «ና! ፀሐይ ገባ፣ ና!» አለች። ድሮ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። አሁን ግን አንድ ድምፅ «መጣሁ» ብሎ ይመልስላታል፤ የኔ ድምፅ ነው፣ የልጅነቴ ሳይሆን የዛሬው።

እሱንም እንደሰማሁት ጻፍኩት።