የዋዳ ቦታ ላይ የገባው ራፕ

ስሙኝማ፣ እኔ ምህረት እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ የምስቅ ልጅ ነበርኩ፣ እኛ ሰፈር ሴቻ ሴቶቹ ተሰብስበው እገሌ ቤት ጣሪያ ላይ ሌሊት የሚራመድ ነገር አለ ሲሉ «ዝንጀሮ ነዋ!» ብዬ ወሬያቸውን የማበላሽባቸው እኔ ነበርኩ፣ ደግሞም ሲታይ ዝንጀሮ ነበር። ይሄኛውን ግን ማንም አልነገረኝም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ትከሻዬ ላይም አለ፣ እሱን እደርስበታለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ታረቀኝ ራፐር ነው፣ የመድረክ ስሙ ኩልፎ ነው፣ ወንዙ ሲሞላ ማንንም አይሰማም እኔም እንደዛ ነኝ ብሎ ራሱን በራሱ ሰየመ፣ እናታችን «ኩልፎ እኮ ቆሻሻ ይዞ ነው የሚወርደው» ብትለውም አልሰማትም። ድሮ በላፕቶፕ ቢት ላይ ነበር የሚሠራው፣ ዘንድሮ ግን በቃ ከኮምፒውተር ጋር መዝፈን ሰለቸኝ፣ ሰው የሚጫወተው ባንድ ነው የምፈልገው አለ። ድራም ላይ ከዩኒቨርሲቲ ቢኒያም የሚባል ጓደኛው ገባ፣ ቤዝ ጊታር ላይ ደግሞ እኔ፣ አዎ እኔ፣ የክረምቱን ወራት ሙሉ ከስልክ ላይ እያየሁ ተምሬ ጣቴ ቆዳው እስኪነሳ ተለማምጄ ነው፣ ማንም በዝምድና አላስገባኝም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ የጎደለ ነገር አለ ይል ነበር፣ በኋላ ገጠር ካምባ ካለው አጎታችን ከአንጁሎ ዘንድ አገኘው። አጎቴና ጓደኞቹ ለቅሶ ላይ ከቀርከሃና ከቀንድ የተሠራ ረጅም መለከት ይነፋሉ፣ አነፋፋቸው እንዴት መሰላችሁ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ዜማው የሚወጣው ተራ በተራ ሲነፉ ነው፣ አንዱ ከቀረ ዜማው ይሸነቆራል። ድሮ አራት ነበሩ። አራተኛው የአጎቴ ወንድም፣ እኛ ሳናውቀው የሞተው ሌላው አጎታችን ዋዳ ነበር፣ በእርሻ ድንበር ጠብ ሰዎች ከበው በዱላ ቀጥቅጠው ገደሉት፣ ጉዳዩ በሽማግሌ በእርቅ ተዘግቷል፣ እነ አጎቴ ግን በእሱ ምትክ ሌላ ሰው አላስገቡም፣ ተራው ሲደርስ ሦስቱም ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ።

ወንድሜ ያንን ዝምታ ሲሰማ አበደ፣ እመኑኝ፣ ራፕ የሚገባበትን ቦታ እግዜር ራሱ ቆርጦ የሰጠው ነው የመሰለው። ልምምድ ላይ እኔ የጎደለውን የዋዳን ድምፅ በቤዝ ነካ ሳደርገው ተቆጣ፣ «ቦታዬን አትንኪ አንቺ ልጅ» አለኝ። አጎቴንም ባዶው ቦታ ላይ እኔ እገባለሁ አለው። አጎቴ መለከቱን በጋቢው ጫፍ እየወለወለ፣

«ባዶ አይደለም። ዝም ብሎ ነው» አለ።

ታረቀኝ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ይቺን አባባል ወዶ የዘፈኑ አዝማች አደረጋት።

ዝግጅቱ ሴቻ ላይ በአንድ ሆቴል ግቢ ነበር፣ ፀሐይዋ ከኋላችን ወደ ተራራው ገብታለች፣ ከፊታችን ሐይቁ ገና ያበራል፣ ተማሪው ግጥም ብሏል፣ እናታችን ሳትወድ በግድ መጥታ የፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን አጥብቃ ተቀምጣለች። የጀመርነው በጣም አሪፍ ነበር፣ ደስታዬን አልደብቃችሁም፣ ቤዜ ደረቴ ውስጥ ሲመታ እኔ አምሳ ዓመት የተጫወትኩ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ መለከቶቹ ገቡ፣ የዋዳ ተራ ደረሰ፣ ወንድሜ ማይኩን አፉ ላይ አድርጎ የመጀመሪያውን ስንኝ ለቀቀው።

ጭንቅላቱ ወደ ጎን ተወረወረ፣ ጥፊ እንደቀመሰ ሰው። ተማሪው ትወና መስሎት ጮኸለት። እኔም ወንድሜ ጎበዝ ነው አልኩ በልቤ፣ እንዲህ አድርገህ ተለማመድክ እንዴ አልኩ። ዜማው ዞሮ ቦታው ሲመጣ ግን አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ በእህል የተሞላ ከረጢት በዱላ ሲመታ ታውቃላችሁ፣ እንደዛ፣ ወንድሜም ጎድኑን ይዞ ታጠፈ። ቢኒያምን ዞር ብዬ አየሁት፣ የድራም ዱላዎቹ ሁለቱም አየር ላይ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም ብሎ ጭንቅላቱን ወዘወዘልኝ። በሦስተኛው ጉልበቱን ተመታና ወደቀ፣ ወድቆም ራፑን አላቆመም፣ አፉ ይናገራል ግን የጻፈውን አይደለም፣ በጋሞኛ ነው። እኛ ከተማ ያደግን ነን፣ ጋሞኛችን ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። አጎቴ በኋላ ነው የነገረኝ፣ «በቃችሁ፣ ልጆች አሉኝ» ነው የሚለው። ወንድሜ እኮ ልጅ የለውም። ልጆች የነበሩት ዋዳ ነው።

እናቴ ከአፉ ደም ሲወርድ ስታይ ወደ መድረኩ ሮጠች፣ መለከተኞቹም ደንግጠው መንፋታቸውን አቆሙ፣ ያኔ ነው ክፉው የመጣው። እስቲ አስቡት፣ ዜማው ሲቆም ሁሉም ነገር ዝምታ ሆነ፣ ሁሉም ነገር የዋዳ ቦታ ሆነ፣ ዱላው ያለ ዕረፍት ይወርድ ጀመር። ሸሚዙ ከጀርባው ላይ እየጎደጎደ አቧራ ሲወጣው አይቻለሁ፣ አጠገቡ ግን ማንም የለም። መንጋጋው እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ፣ ጥርሱ እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ። ሊያነሱት የዘለሉ ሁለት ተማሪዎች ተመልሰው ወንበሮቹ ላይ ተፈጠፈጡ፣ አንደኛው አፍንጫው ተሰብሮ ደሙ በደረቱ ወረደ፣ የቀረው ሰው እየተረጋገጠ ወደ በሩ ሸሸ፣ እናቴ ብቻ ወንድሜ ላይ ተኝታበት ማርያምን ትጠራለች፣ እሷን ዱላው አልነካትም፣ እሱ ግን ከሥሯ ሆኖ ይደበደባል።

«ንፉ!» አለ አጎቴ። ነፉ። ዱላው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ተራው ሲደርስ ብቻ ይወርድ ጀመር። ወንድሜ ሌላ አንድ ዙር እንኳ የሚችል አይመስልም ነበር፣ እኔ ደግሞ እጄ ቤዙ ላይ ደርቋል፣ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ቦታው ቃል ሳይሆን ድምፁን ነው የሚፈልገው አልኩ፣ ያንን አትንኪ የተባልኩትን የዋዳን ድምፅ በተራው መታሁት። ዱላ የለም። ዞረን መጣን፣ መታሁት፣ ዱላ የለም። ገመዱ ብቻ ከጣቴ ሥር የሆነ ሰው በመዳፉ እንደጨበጠው ሞቀ። ዜማው እስኪያልቅ እያለቀስኩ እንደዛ ተጫወትኩ።

ሆስፒታል ሐኪሙ ስንት ሰው ነው የደበደበው አለን፣ ፖሊስም እንደዚሁ ጠየቀን፣ በስልክ የተቀረጸውን አሳየናቸው፣ አይተው ስልኩን መለሱልን። ወንድሜ ተረፈ፣ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል። ቢኒያም ድራሙን እንኳ ሊወስድ አልመጣም። አጎቴ ግን ደጅ ላይ ለብቻዬ ጠርቶ፣ አማርኛው ሴትና ወንድ ብዙም አይለይም፣ «ዋዳ ከቦታው ወጥቷል፣ ቦታው ያንተ ሆነ» አለኝ።

ልዋሽ? መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ከመለከተኞቹ መሃል ሴት ተቀምጣ በማታውቅበት አገር ቤዜንና በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያዬን ተሸክሜ ለቅሶ ሄድኩ፣ አሮጊቶቹ ሳቁብኝ፣ ስጨርስ ግን አንዷ ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ፈተና ላይ ቁጭ ብዬ እያለሁ ሳላስበው ዱላው ትከሻዬ ላይ ወረደብኝ፣ ከነወንበሬ ተገለበጥኩ፣ የትከሻዬ አጥንት ተሰነጠቀ፣ አስተማሪው ማን መታት ብሎ ክፍሉን ሙሉ ሲጠይቅ ዋለ። ለካ ካምባ ላይ ድንገት አንድ ትልቅ ሰው ሞቶ፣ ሕዝቡ ንፉ ብሎ አስጨንቋቸው፣ እነ አጎቴ ያለ እኔ ነፍተው ተራዬ ሲደርስ ዝም ብለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ መድረስ ካልቻልኩ አጎቴ ይደውልና ስልኩን ከፍቶ ያስቀምጠዋል፣ እኔ ከዚህ ሆኜ በተራዬ እመታለሁ። ችግሩ ስልክ ይዘገያል። ባለፈው ድምፄ በጣም በትንሹ ዘግይቶ ደረሰና ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ እስካሁን ትኩስ ነገር ሲነካው ያቃጥለኛል።

ዛሬ ደግሞ ካምባ ላይ ለቅሶ አለ፣ ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠው መኪና አያልፍም። አጎቴ የሟቹን ቤተሰብ መለከቱ ይቅር ብሎ ለምኗቸው ነበር፣ ሟቹ ከመለከተኞቹ የአንዱ አባት ስለሆነ ሳይነፋለት አይቀበርም አሉት። ይሄው ቤዙን ታጥቄ ነው የምጽፍላችሁ፣ እናቴ ጠበል እየረጨች ከኋላዬ ትመላለሳለች፣ ታረቀኝ ኔትወርክ ይሻላል ብሎ ስልኩን ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቶ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ዘርግቶ ይዞልኛል፣ የመንጋጋው ሽቦ ገና ስላልተፈታ መናገር አይችልም፣ ባንዱ እጁ ጉልበቴ ላይ ምቱን ይቆጥርልኛል። የሕዝቡ ለቅሶ ከስልኩ ውስጥ እየቀነሰ ነው፣ አጎቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት፣ ቀጥሎ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ወንድሜ ስልኩን ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ አደረገው፣ አሁን ምንም አይሰማም፣ መስመሩ ግን አልተዘጋም፣ ጀምረው ይሁን አልጀመሩ አላውቅም፣ ወንድሜም እጁን ጉልበቴ ላይ እንዳደረገ መቁጠሩን አቁሞ እያየኝ ነው።