ከቦርደዴ የመጡ ላይኮች

ቀነኒ ጭሮ ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቋ የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች። በ2009 ዓ.ም. ለሱቋ የፌስቡክ ገጽ የከፈተላት ቦንሳ ነው። ቦንሳ በአጎቱ ኢንተርኔት ቤት ይሠራል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸውን ድምፅ ማጉያ ይቆጣጠራል። እሷ ስትዘምር የእሷን ማይክራፎን ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ከዚህ ያለፈ ነገር ልናገር ሲል አፉ ይተሳሰራል።

የመጀመሪያውን ቀሚስ ፎቶ የለጠፈች ዕለት ቀነኒ ኢንተርኔት ቤቱ መጣች።

«አቦ ቦንሳ፣ ማንም ላይክ አላደረገውም እኮ!»

«እኔ አድርጌዋለሁ።»

«አንተማ የቤት ሰው ነህ፣ አትቆጠርም» ብላ ሳቀች። ዓይኖቿ ግን አልሳቁም።

ምክንያቱን ያውቃል። መሰላ ከተማ የሚኖር ሰው ሽማግሌ ልኳል፤ አባቷ ኦቦ ኩማ እስከ ፋሲካ ሱቁ ካልቀናት ለእሱ ሊድሯት ቆርጠዋል።

ቦንሳ በሌለች ሴት ስም አዲስ አካውንት ከፈተ። ስሟን «ሙሉወርቅ ከቦርደዴ» አላት፤ ለፎቶዋ አበባ አደረገላት። ቀጥሎ ከሚኤሶ አንድ ሌላ፣ ከዚያም ሌሎች ፈጠረ። ሁሉም ቀሚሱን ወደዱት።

በማግስቱ ቀነኒ እየሮጠች ገባች።

«ቦርደዴዎች ወደዱት! ሚኤሶዎችም!»

እጁን ይዛ ወዘወዘችው። እውነቱን ሊነግራት ነበር፤ እጇ ግን ገና እጁ ላይ ነበር። 

ላይኩ በጨመረ ቁጥር ቀነኒ ልቧ ሞላ። ያላትን ገንዘብ ሁሉ ይዛ ድሬዳዋ ወረደችና ሐምራዊ ጨርቅ በጣቃ አመጣች። የቦርደዴና የሚኤሶ መዘምራን ለፋሲካ ኮንፈረንስ ይፈልጉታል ብላ ትሰፋ ጀመር።

«መጀመሪያ ትእዛዝ ቢመጣ አይሻልም?» አላት ቦንሳ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ተው እንጂ አቦ! የወደደ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል?»



ትእዛዝ አልመጣም። ፋሲካ ሲቃረብ ቀነኒ ልብሶቹን በማዳበሪያ ቋጥራ በሚኒባስ ቦርደዴ ሄደች። ከሰዓት ተመልሳ ኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች።

«ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ሙሉወርቅ እያልኩ ተጣራሁ» አለች። «ሙሉወርቅ የሚባሉት አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። ስልክ እንኳ የላቸውም። አዝነውልኝ ውኃ ሰጡኝ።»

ቦንሳ ከወንበሩ ተነሣ።

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ሙሉወርቅ። የሚኤሶዎቹም። ሁሉም እኔ ነኝ።»



«ለምን?»

«ስለምወድሽ።»

ቀነኒ ለመሳቅ ሞከረች፤ እንባዋ ቀደማት።

«ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የአንተን ስም ነበር። ያን ጊዜ ይህን ብትለኝ ኖሮ አባቴን እምቢ እል ነበር። ጨርቁንም አልገዛም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አንተ የትኛው እንደሆንክ በምን አውቃለሁ?»

ማዳበሪያዋን ተሸክማ ሄደች። ላግዝሽ ሊላት አስቦ፣ እሱንም ሳይላት ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ የስፌት መኪናዋን ሸጠች። ሠርጓ መሰላ ሆነ። ቦንሳ አልሄደም። እሁድ ማጉያው ጋ ሲቀመጥ፣ የእሷን ማይክራፎን ሌላ ሰው ይዞት አየ።

ክረምቱ እንዳለፈ አንዲት አሮጊት ሁለት ወጣቶች አስከትለው ከሚኒባስ ወረዱ። የተዘጋውን ሱቅ አይተው ወደ ኢንተርኔት ቤቱ መጡ።

«ልጄ፣ ባለፈው ቦርደዴ መጥታ ስሜን ስትጠራ የነበረችው ልጅ የት ሄደች?»

ቦንሳ ደነገጠ።

«ምን ፈልገው ነው፣ እማማ?»

«ያን ዕለት ልብሱን በእጄ ዳስሼው ነበር። ስፌቱን በጣም ወደድኩት። ለመዘምራናችን የሚሆን ገንዘብ እስክናዋጣ ቆየን። አሁን ልዘዛት ብዬ መጣሁ።»

ቦንሳ ወደ በሩ ወጣና የመሰላን መንገድ በእጁ አሳያቸው።