ሁለት ኪሎ የጎደለ ጠዋት

ቀርከሃ የሞተው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ረጃጅም እግሮቹን እንደዘረጋ ነው። አጠገቡ ሰባት ባዶ ባለ አንድ ሊትር የውሃ ጠርሙሶች ቆመዋል። ሰባተኛው ጠርሙስ ታች ላይ ነጭ ነገር ዘቅጧል። ድምቢጥ ዓይኗን ከዚያ ዝቃጭ ላይ መንቀል አቃታት፤ ጠርሙሱን የሞላችው እሷ ነበረች።

ድምቢጥ የተባለችው በቁመቷ ማነስ ነው፤ ቀርከሃም በቅጥነቱ። ሁለቱ ከአንድ የሰፈር ፀጉር አስተካካይ ጋር ሦስት ሆነው ለውትድርና የአካል ብቃት ፈተና ሰባት ወር ሙሉ በዚህ ግቢ ሲሮጡ፣ ብረት ላይ ሲንጠለጠሉ፣ አሸዋ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከርመዋል። ፈተናው ነገ ነው። አሠልጣኙ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ቀርከሃን በሩጫ የሚደርስበት ስላልነበረ አንዱ ደብዳቤ የእሱ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በቀረው በአንዱ ደብዳቤ ግን ድምቢጥና ፀጉር አስተካካዩ በጎሪጥ ሲተያዩ ነው የሰነበቱት።

መርማሪዋ ከቀትር በኋላ መጣች። ጠና ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ታቃስታለች፣ ዓይኗ ግን አያቃስትም። መጀመሪያ አሠልጣኙን ጠየቀችው።

እሱም የግቢውን ልማድ አስረዳት። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ይመዘናል። አንዱ የሌላውን ቁጥር አያይም፤ ሁሉም የራሱን ቁጥር አንብቦ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ራሱም ሳይቀር ይመዘናል።

«ካላመንኳቸው ምኑን አሠለጠንኳቸው?» አለ።

ከሃምሳ ኪሎ በታች የሆነ ሰው ከፈተናው ደጃፍ ይመለሳል። ዛሬ ጠዋት ቀርከሃ አርባ ስምንት ተኩል፣ ድምቢጥ አርባ ዘጠኝ ብለው ተናገሩ። አሠልጣኙም እስከ ቀትር ሃምሳ ያልገባ ደብዳቤ የለውም አለ። ውሃ ጠጡ ግን አላልኩም ብሎ ማለ።

ፀጉር አስተካካዩ ቃሉን ሲሰጥ ድምቢጥ በሩ አጠገብ ነበረች። ጩኸት ሲሰማ አምቡላንስ ልጠራ ወደ ውጭ በር ሮጥኩ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም ጨመረ፤ «ውሃውን ስታመላልስለት የዋለችው እሷ ናት። የመጨረሻውን ጠርሙስ ስትበጠብጥ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ድምቢጥ ይህን ሰማች። ነገ ፈተና ሳይሆን እስር ቤት እንደምትሄድ ታያት።

«ግቢ የኔ ልጅ» አለቻት መርማሪዋ። እያነከሰች ስትራመድ አየቻትና «የግራ ጫማሽ ምን ይዟል?» ብላ ጠየቀች።

ድምቢጥ ጫማዋን አውልቃ የተጨማደደች ፓኬት አወጣች። «ግሉኮስ ነው እትዬ። ራሱን ሲያዞረው ኃይል ይሰጠዋል ብዬ ነው። ፈርቼ ደበቅኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

መርማሪዋ ፓኬቷን ተቀብላ «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት። ድምቢጥ ሁሉንም ተናገረች፤ እሷም ሁለት ጠርሙስ ጠጥታ ሆዷ አልቀበል ብሎ እንደመለሰው፣ ቀርከሃ አራተኛው ላይ ምላሱ እንደተሳሰረ፣ ፀጉር አስተካካዩ አጠገባቸው ቆሞ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» ሲለው እንደነበር።

ከዚያ መርማሪዋ ወደ መመዘኛው ክፍል ገባች። እያቃሰተች ሚዛኑን ገለበጠች፣ ከሥሩ ያለችውን ብሎን ነካችና ጣቷን አሸተተች። ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመች። ከሆስፒታል ስልክ ሲደወልላት ሁሉንም ወደዚያው አስጠራች፤ የግቢውን ሽማግሌ ዘበኛ ጭምር።

«መርዝ የለም» አለች። «የገደለው ውሃ ነው። በግማሽ ቀን ሰባት ሊትር የጠጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይወርዳል፣ አንጎሉ ያብጣል። ግሉኮሱ እጁ የለበትም።»

ድምቢጥ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ግን ይህን ሁሉ ውሃ ለምን ጠጣ? ሰሌዳውን እዩ። ትናንት ቀርከሃ ሃምሳ ተኩል፣ ድምቢጥ ሃምሳ አንድ። ዛሬ ሁለቱም ሁለት ሁለት ኪሎ ቀንሰዋል።»

«ትናንት አሸዋ ተሸክመው ሮጠዋል» አለ አሠልጣኙ።

«እርስዎስ? ትናንት ሰማንያ፣ ዛሬ ሰባ ስምንት። ወንበር ላይ ሆኖ ፊሽካ መንፋት ይህን ያህል ያከሳል? እስኪ ይውጡበት።»

አሠልጣኙ ወጣ። ሰማንያ።

«ከጠዋት ወዲህ ምን ቀመሱ?»

«ማን መብላት ችሎ?»

«እንግዲህ የጎደለው ሚዛኑ ነበር። አንድ ሰው ብሎኗን አዙሮ ጠቋሚውን ሁለት ኪሎ ወደ ኋላ መልሶታል። ሁላችሁም ሬሳው ላይ ስትጮሁ ደግሞ መጥቶ አስተካክሎታል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ኪሎ ያልጎደለው ማነው?»

ሁሉም አነበበ። ፀጉር አስተካካይ፣ ትናንት ሃምሳ አንድ ተኩል። ዛሬም ሃምሳ አንድ ተኩል።

«ካልቀነስኩ ምን ላድርግ?» አለ።

«በተነካካ ሚዛን ላይ ያልቀነሰ ሰው ሚዛኑን አላነበበም። ጠቋሚው አርባ ዘጠኝ ተኩል ሲልህ፣ በራስህ ወጥመድ እንዳትያዝ እውነተኛውን ቁጥር ተናገርክ። የሚያይህ እንደሌለ ታውቃለህ። ብሎኗም የፀጉር መቁረጫ ማሽን ዘይት ትሸታለች።» ወደ ዘበኛው ዞረች። «አባባ፣ አምቡላንስ ሊጠራ ሲሮጥ አይተውታል?»

«ወደ በሩ የመጣው ኋላ ነው እንጂ» አለ ዘበኛው። «ሌላው ሁሉ ወደ ጩኸቱ ሲሮጥ እሱ ከዚህ ክፍል ነው የወጣው።»

ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ተደገፈ። «ለእሱ አልነበረም» አለ። «እሷ ከሃምሳ በታች ሆና እንድትቀርልኝ ነው። ውሃ ይጠጣሉ ብዬ መች አሰብኩ?»

«አራተኛው ጠርሙስ ላይ ምላሱ ሲተሳሰርስ?»

«ከተናገርኩ ደብዳቤው ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ድምቢጥ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ወጥመዱ ለእሷ ነበር። ያን ሁለት ጠርሙስ ሆዷ ባይመልሰው ኖሮ ዛሬ ከቀርከሃ ጎን በተገኘች። 

ፀጉር አስተካካዩን ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ የቀርከሃን አርባ ስምንት ተኩል በመዳፉ አጠፋና ሃምሳ ተኩል ብሎ ጻፈ። «ጠዋትም አልፎ ነበር» አለ። አንዲት ጠብታ ውሃ አያስፈልገውም ነበር። አሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቷቸው አለቀሰ።

ቆይቶ ድምቢጥን በእጁ ጠራት። ሚዛኑ ላይ ወጣች፣ አነበበች፣ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ሃምሳ አንድ።»

አሠልጣኙ ጠመኔውን አነሳ። ከዚያ እጁን መለሰና መጥቶ፣ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ፣ ቁጥሩን ራሱ አነበበ። ከዚያ በኋላ ጻፈ።