ቀኝ፣ የማን ቀኝ?

ፎቶግራፍ ገና መራመድ ባልተማረበት ዘመን፣ ፓሪስ ውስጥ የሚራመድ ሥዕል ማየት ያማረው ሰው ወደ ሙሴ ጎብለ አዳራሽ ይሄድ ነበር። ኤርማንስ ዛሬ ከእናቷ ከማዳም ዴልፔሽ ጎን ተቀምጣለች። ሸራው ላይ የሚንቀሳቀሱትን ሰዎች አንድ በአንድ በብሩሽ የሣለቻቸው እሷ ናት። ከሸራው ጀርባ ቆሞ ረጅሙን የሥዕል ጥቅልል በመዘውር እያዞረ ነፍስ የሚዘራባቸው ደግሞ ፊርማን ነው።

ፊርማን ትርኢቱ እንዳለቀ በባቡር ወደ ቪየና ሊሄድ ነው። የሚያስቀረው የእሷ እሺታ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሥዕል ቤቱ ደረጃ ላይ ለአፍታ ብቻዋን አግኝቷት ነበር።

«አገባሻለሁ ስልሽ ትስቂያለሽ፤ እሄዳለሁ ስልሽ ታለቅሻለሽ። ቁርጡን ንገሪኝ እንጂ!»

«እማዬ እኮ እንደ ጥላዬ ትከተለኛለች። በምን ልንገርህ?»

«በሥዕሉ ንገሪኛ! ሴትዮዋ መስኮቷ ላይ አበባ ታስቀምጥ የለ? በቀኝ ካስቀመጠችው እሺ ብለሽኛል፤ በመስኮቷ ሥር የሚያልፈውን ጎረምሳ፣ መዘውሩን ወደፊትና ወደኋላ እያዞርኩ መንገድ ላይ አስጨፍረዋለሁ። በግራ ከሆነ ሻንጣዬን አነሳለሁ።»

«ኤርማንስ!» የሚል የእናቷ ድምፅ ከታች መጣ። «ከዚያ መዘውር አዟሪ ጋር ምን ትለፈልፊያለሽ? ወፍጮም እኮ ይዞራል!»

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። የሥዕሉ ቀለም የደረቀው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ልምምድ እንኳ አልተደረገም።

የአዳራሹ መብራት ጠፋ። ሸራው ላይ መንገድ ታየ፤ ጎረምሳው ብቅ አለ። ሴትዮዋ መስኮቷን ከፈተች። አበባውን አንስታ ወዲያና ወዲህ አየችና በቀኝ በኩል አስቀመጠችው።

ኤርማንስ ትንፋሿን ዋጠች። አሁን ይጨፍራል።

አልጨፈረም። ጎረምሳው ከመስኮቱ ሥር ዝግ ብሎ እየተጎተተ አለፈ፤ ቀብር የሚሸኝ ይመስል ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አሉ እናቷ። «እጅሽ በረዶ ሆነ።»

ሐሳቡን ለውጦ ይሆን? ቪየና ሌላ ሴት ትጠብቀው ይሆን? ኤርማንስ ቀኝ እጇን ከእናቷ እጅ ላይ አንስታ አየችው። ቀኝ። የማን ቀኝ? እሷ ስትሥል የምታስበው ተመልካቹን ነው። ፊርማን ግን ሥዕሉን ከፊት ሆኖ አይቶት አያውቅም። ከሸራው ጀርባ ላለ ሰው ይህ ቀኝ ግራ ነው!

ተነሣች። እናቷ ቀሚሷን ያዙ፤ መንጭቃ አስለቀቀችና በጎን በር ሮጠች። ከጀርባ ያለው መተላለፊያ ሥዕሉን ሸራው ላይ በሚጥለው ፋኖስና በሸራው መሐል ነው። ገባችበት። ሥዕሉ ላይ ካሉት ቤቶች ሁሉ የሚበልጥ ባርኔጣ ያደረገች ጥላ መንገዱን ሞላችው፤ ሕዝቡ በሳቅ አውካካ።

ፊርማን ዓይኑ ቀልቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ያዞራል።

«ውጪ፤ ሥዕሉን ጋረድሽው» አላት ሳያያት።

«ቀኝ ነው!»

«ግራ ነው። ዓይን አለኝ።»

«ለአንተ ነዋ ግራ! ከኋላው ቆመህ እያየኸው፣ አንተ ደነዝ!»

መዘውሩ ቀጥ አለ። ፊርማን ሸራውን አየ፣ እሷን አየ። መዞሩን ያቆመውን ጥቅልል ፋኖሱ ሲለበልበው ሸተታቸው።

«አዙር እንጂ፣ ይነዳል!» ብላ እጇን እጁ ላይ ጫነች። አብረው አዞሩት።

በዚህ መሐል ማዳም ዴልፔሽ ጣታቸውን ቀስረው ደረሱ።

«የልጄን እጅ ልቀቅ!»

«የያዘችኝ እሷ ናት፣ እመቤቴ።»

«ልቀቂው፣ አንቺ!»

«አልለቅም፣ እማዬ። አገባዋለሁ።»

እጇን ከመዘውሩ ላይ አላነሣችም። እናትና ልጅ ተፋጠጡ። ያኔ ከአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ጮኸ፦

«አማቲቱ መጣች!»

ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ። ማዳም ዴልፔሽ ዞር ቢሉ የራሳቸው ጥላ ጣቱን እንደቀሰረ ሸራው ላይ ገዝፎ ቆሟል። ቀስ ብለው ጣታቸውን አወረዱ። ባርኔጣቸውን አቃኑ። ፊርማንን ከእግር እስከ ራሱ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ቢያንስ ቀጥ ብለህ ቁም» አሉት። «ሰው እያየን ነው።»