የጥቅምት ጸሎት

ሳሙናው እጇ ውስጥ መሟሟት ጀምሯል።

ባሮ ወንዝ ዳር፣ በጥንቱ የመርከብ ወደብ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። እሷም ጎንበስ ብላ አንድ ሸሚዝ ደጋግማ ታሻለች። መታወቂያዋ ላይ ሊድያ ትባላለች፤ ሥራዋ የመንገድ ድምፅ መለካት። የመንግሥት ገንዘብ የሚበሉትን በስውር ለሚከታተለው ቢሮ ግን «ቀጭኔ» ነች። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ አቤኔዘር ነው። ቁመቷን አይቶ አወጣላትና ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገሸግሻታል።

ሳሙናው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ሚሞሪ አለ። ሚሞሪው ላይ የሁለት ዓመት የጎማ ድምፅ ተቀድቷል። በአዲሱ አስፋልት፣ በአሮጌው አስፋልት፣ በጠጠሩ መንገድ፤ በየወሩ፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ፍጥነት። አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ፣ የሾፌሩ ሕፃን መኪናው ውስጥ ሆና ስቃ ሳቋም አብሮ ተቀድቷል። አላጠፋችውም።

ኮንትራክተሩ በጤና ጣቢያው ፊት ያነጠፈው አስፋልት ዓመታት ቢያልፉም የጎማ ድምፁ እንደማይጨምር ቃል ገብቶ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ላዩን አጥቦ ወሰደው፤ ጠጠሩ አገጠጠ። አሁን ወደ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ እህል የሚጭኑት መኪናዎች ሲያልፉ አራሶቹ ከእንቅልፋቸው ይባንናሉ። ኮንትራክተሩ ግን ድምፁ ፈጽሞ እንዳልጨመረ የሚያሳይ የሐሰት ቅጂ አቅርቧል። መንገዱን የሚረከበው ኮሚቴ ዛሬ ከሰዓት ያንን አምኖ ከፈረመ፣ ኮንትራክተሩ ከጥገናው ነፃ ይወጣል። ወደ ኢታንግ የሚቀጥለውንም መንገድ በዚያው አስፋልት ያነጥፈዋል።

ውሸቱን የሚያጋልጠው ሳሙናው ውስጥ ያለው ዋናው ቅጂ ነው።

አቤኔዘር ዓሣ አንጠልጥሎ መጣ።

«ውሃው ዛሬ ቆሟል?» አለ።

«ላዩ ነው የቆመው፤ ሥሩ ይሄዳል።»

የመተዋወቂያው ቃል ልክ ነው። ሳሙናውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችለት። አነሳው።

«ሌላ ቅጂ አለሽ?»

«የለኝም። አትቅጂ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ጎበዝ።»

ወረወረው።

ሳሙናው ባሮ መሃል ገብቶ ሰጠመ።

«ሥራው ተዘግቷል» አለ እጁን በሱሪው እየጠረገ። «ሻንጣሽን አዘጋጂ። ነገ ትመለሻለሽ።»

«ማን ዘጋው?»

«ስሚ ቀጭኔ፣ ለጎማ ጩኸት ብሎ ሰው ከወዳጁ አይጣላም።»

ወዳጁ ከዳገቱ ላይ በነጭ ፒካፕ ይጠብቀው ነበር። የኮንትራክተሩ መሐንዲስ፣ ተክሌ። በሩን ከውስጥ ከፈተለት፤ አንድ ነገር ተባባሉና ሳቁ። ያ ሳቅ፣ ያው የድሮው ሳቅ። አብራው ሁለት ዓመት መሥራቷ ራሱ ቀፈፋት። ምራቋን ውሃው ውስጥ ተፋችና ልብሷን ሰብስባ መንገድ ጀመረች።

ዞር ብላ አላየችም።

ማየት አያስፈልጋትም። ከኋላዋ ጎማ ጠጠር ይቆረጥማል፤ በዝግታ፣ በእሷ እርምጃ ልክ። ወደ ገበያው ታጠፈች። ቁርጥማቱ ቀረና አሮጌው አስፋልት ላይ ያ የለመደችው ጉርምርምታ ተተካ። ባጃጅ ቀደማት፤ ሞተር ቀደማት። ፒካፑ ብቻ አልቀደማትም።

ሌላ ቅጂ ቀርቶ እንደሆነ ለማየት፣ የልኬቱ ኮምፒውተር የት እንዳለ ተከትለው ማወቅ ይፈልጋሉ።

ጤና ጣቢያው አጠገብ አዲሱ አስፋልት ላይ ስትደርስ ፍጥነቷን ጨመረች። ፒካፑም ጨመረ። ጎማው ጮኸ፤ የበር ዘበኛው ሳይቀር ዞር አለ። ተክሌ ያነጠፈው መንገድ በራሱ በተክሌ ላይ አሳበቀ። በሩን አልፋ ገባች፤ በተሰጣው አንሶላ መሃል ሹልክ ብላ በጓሮ ወጣች።

የልኬት መኪናው ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሟል። ሾፌሩ ኦጆት ብቅ አለ። የከተማው ልጅ ነው፤ አኙዋክ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ረጋ ያለ።

«እህቴ ሊድያ፣ ምን ሆንሽ? አልቦሻል።»

«ሮጥኩ። ኮምፒውተሩን ስጠኝ።»

«ውኃ ላምጣልሽ» ብሎ ሄደ።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ተክሌ ለኮሚቴው ያስገባው የሐሰት ቅጂ ግልባጭ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ቁጥሩን እንጂ ድምፁን ሰምታው አታውቅም። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ጥቅምት። በመጀመሪያ የኦጆት ድምፅ መጣ።

ልማዱ ነው። ማይክራፎኑን መንገድ ዳር ተክሎ፣ መቅጃውን ከፍቶ፣ መኪናውን ከማስነሳቱ በፊት ጮክ ብሎ በአኙዋክኛ ይጸልያል። የቤቱን ነገር ሁሉ ለጌታው ይነግራል፤ ከሚስቱ የተጣላውን፣ የፈራውን፣ ያፈረበትን። ሊድያ አዲስ አበባ ያደገች፣ የእናቷን ቋንቋ የማታውቅ ልጅ ናት ብሎ ያምናል። ሽፋኗ ነው። እውነቱ ግን የተወለደችው ከባሮ ብዙም በማይርቅ ቤት ነው፤ ቋንቋው አፏን የፈታችበት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጸሎት ስትሰርቅ ኖረች። «ቋንቋዋን ያጣችውን ይህችን ልጅ አስባት» ብሎ ለእሷም ሲጸልይ ቆማ ሰምታ፣ እንዳልገባት ሆና ማስቲካዋን አኝካለች። ራሷን የተጸየፈችው ያኔ ነው።

«ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት ሴት ልጅ ሰጠኸኝ» ይላል የጥቅምቱ ጸሎት። «አባንግ ብያታለሁ። ጠብቅልኝ።»

ኅዳርን ከፈተች።

«ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት ሴት ልጅ ሰጠኸኝ።»

ታኅሣሥ። ጥር። አባንግ በየወሩ ተወለደች።

ገባት። ተክሌ ጸጥ ያለችውን የጥቅምትን ቅጂ አባዝቶ ቀኗን ብቻ ቀያይሯል። ቁጥሩ አንድ ዓይነት እንዳይሆንበት ድምፁን በትንሹ ዝቅ ከፍ አድርጓል። ኮሚቴው የተቆረጠ ቅጂ አልቀበልም ስላለ ጸሎቱን አልነካውም። አኙዋክኛ አያውቅም። ለእሱ ጸሎት ሁሉ ያው ነው።

ሰኔን ከፈተች። አባንግ ተወለደች።

ማዳመጫውን አወለቀች። ኦጆት በሰኔ አባንግን ቀብሯታል። ወባ ነበር። ቀብሩ ላይ ሊድያም ነበረች።

ኦጆት ውኃውን ይዞ መጣ። ወደ ኮሚቴው ስብሰባ ሲነዳት የሰማችውን በመንገድ ላይ ልትነግረው ትችል ነበር። አልነገረችውም። እንቢ፣ ጸሎቴ በሰው ፊት አይከፈትም ቢላትስ?

አዳራሹ ውስጥ የኮሚቴው ሰብሳቢ ኢንጂነር ምሕረት እስክሪብቶ ይዘዋል። ተክሌ ግራፉን እያሳየ ነው። አቤኔዘር ከጎኑ፣ እንደ እንግዳ፣ ለስላሳ ይጠጣል። እሷን ሲያይ ጠርሙሱን አስቀመጠ።

«ይቅርታ ኢንጂነር» አለች። «ከመፈረምዎ በፊት ድምፁን ይስሙት።»

«ቁጥሩን አይተነዋል» አለ ተክሌ።

«ቁጥሩን አላልኩም።»

«ይህች ልጅ ከሥራ ተሰናብታለች» አለ አቤኔዘር።

ምሕረት አቤኔዘርን ቀና ብለው አዩት። «እርስዎ ማን ነበሩ?»

አቤኔዘር ጠርሙሱን መልሶ አነሳ።

«ጥቅምትን ክፈቱት» አሉ ምሕረት።

የኦጆት ድምፅ አዳራሹን ሞላው። በሩ አጠገብ የቆመው ኦጆት በኀፍረት ፈገግ አለ።

«ኅዳር» አለች ሊድያ። ያው ጸሎት ተደገመ።

ፈገግታው ቀረ።

«አሁን ሰኔ» አለች።

ኦጆት ግድግዳውን ያዘ።

«ምንድን ነው የሚለው?» ምሕረት ወደ እሱ ዞሩ። «ወንድሜ፣ ድምፁ ያንተ ነው?»

አፉን ከፈተ። «አዎ» ብቻ አለ።

ስለዚህ እሷ ተረጎመችው። ቃል በቃል፣ ሳትሳሳት፣ የሕፃኗን ስም ሳይቀር። ኦጆት ተክሌን አላየም፤ አቤኔዘርንም አላየም። እሷን ብቻ አያት።

«ልጄ በጥቅምት ተወለደች» አለ በመጨረሻ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። «በሰኔ ሞተች። በሰኔ ይሄን ጸሎት አልጸለይኩም። እንዴት እጸልያለሁ?»

ምሕረት እስክሪብቶውን ከደኑት።

«ልኬቱ በሙሉ እንደገና ይሠራል» አሉ። «አስፋልቱም ይነሣል። ኢንጂነር ተክሌ፣ ከዚህ ክፍል እንዳይወጡ።»

አቤኔዘር ግን ወጥቷል። ለስላሳውን ጨርሶ ነው የወጣው። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ፤ መልእክት ነው። «ጥሩ ሥራ ነው ቀጭኔ። አብረን እንዳቀድነው ለበላይ ነግሬያለሁ።» ሲሙን አውጥታ በጥርሷ ሰበረችው። የፕላስቲኩ ጣዕም አፏ ውስጥ ቀረ።

ኦጆት መኪናው ውስጥ፣ መሪውን ይዞ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀምጧል። መስኮቱ ክፍት ነው።

«ሁሉንም ትሰሚ ነበር?» አላት በአኙዋክኛ።

«ሁሉንም» አለች በአኙዋክኛ።

«ስምሽ ሊድያ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ስጸልይልሽ ማን እያልኩ ነበር?»

በእጁ መሪውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዳበሰው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለ። «የሚያዝያዋን። እናቷ ኢታንግ ገበያ ሄዳ እዚህ ያመጣኋት ቀን፣ የሳቀችባትን። ዋናው አንቺ ጋ ነው። እሷን ስጪኝ፤ ሌላ አልፈልግም። እናቷ ድምፅዋን መስማት ትፈልጋለች።»

ዓይኗ ወደ ወንዙ ሄደ። ኦጆትም ዓይኗን ተከትሎ ወደ ወንዙ ተመለከተ። ሌላ አልጠየቃትም። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ነው የወጣችው። ነጠላዋን ተከናንባ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ጎኗ ያሉት እናት ስሟን ጠየቋት።

«ፌበን።»

«ሥራስ ልጄ?»

«ልብስ እሸጣለሁ።»

በጤና ጣቢያው ፊት ሲያልፉ አስፋልቱ ጮኸ። ኦጆት መንገድ ዳር ቆሞ ለአዲሱ ልኬት ማይክራፎኑን ይተክላል። መቅጃውን ከፈተ፤ ከመኪናው ጎን ቆመ። አፉ ግን እንደተዘጋ ነው።

መስኮቱን ዘጋችው።